የኢንስፔክተር ዋልደን ሽጉጥ

«የጂኦግራፊውንም አምጣ!» አለች ወለተማርያም፣ ከከሰል ምድጃው ቀና ሳትል።

ዓለምሰገድ በሩ ላይ ቆሞ የሒሳብ ደብተሩ ሲቃጠል ያያል። እናቱ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ደብተሮቹን ገጽ በገጽ እየቀደደች እሳቱ ላይ ትጨምራለች። ትምህርቱ አልነበረም ያስፈራት። የእጅ ጽሑፉ ነው።

«ጂኦግራፊው ትምህርት ቤት ቀርቷል፣ እማዬ።»

ዋሸ። ደብተሩ ከሸሚዙ ሥር፣ ሆዱ ላይ ተለጥፎ ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ባለው ሰፈራቸው ቴሌቪዥን ያላቸው የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛው አቶ ገብረወልድ ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሳሎናቸው ውስጥ ይታጨቅ፣ ቦታ ያጣም በመስኮት ያይ ነበር። የሚታየው በየሳምንቱ የሚቀጥል የፖሊስ ፊልም ነበር። ሦስት መርማሪዎች አሉ፤ ሮክ፣ ዴልና አለቃቸው ኢንስፔክተር ዋልደን። ሌላው ልጅ ገዳዩ ማን እንደሆነ ለማወቅ ሲጓጓ የዓለምሰገድ ዓይን ሽጉጦቹ ላይ ነው። ማን ምን ያዘ? የት ያዘው? ስንት ጊዜ ተኮሰ? አውሮፕላን ሲያልፍ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ይዋጣል። ያኔ ከጓደኛው ከኑሪ ጋር ጭቅጭቅ ይነሳል።

«አምስት ነው የተኮሰው» ይላል ዓለምሰገድ።

«ፋራ! ስድስት ነው። አንዱን አውሮፕላኑ በላው።»

«ያልሰማሁትን አልጽፍም።»

«አፈሙዙ ሲጨስ አላየህም? ጻፍ ስልህ!»

የሚጻፈው በአንድ ደብተር ላይ ነው። ዓለምሰገድ ገጹን በማስመሪያ አራት ቦታ ከፍሎታል። ሮክ፣ አውቶማቲክ ሽጉጥ፣ ብብቱ ሥር፣ 14። ዴል፣ አጭር ጠመንጃ፣ የመኪናው ወንበር ሥር፣ 9። ዋልደን፣ ስድስት ጎራሽ፣ የጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ 0።

ዋልደንን የሚወደው ለዚያች ዜሮ ነው። ሽማግሌው ሁልጊዜ ሽጉጡን መሳቢያው ውስጥ ረስቶ ይወጣል። ፊልሙ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አንድ ሰው ይመጣና እውነቱን ይናገራል። ዋልደን እርሳሱን ያስቀምጥና ያዳምጠዋል።

ከወር በፊት ፊልሙ በድንገት ቆመ። የኢምፔሪያሊስቶች ነው ተባለ። ደብተሩን ኑሪ ተዋሰ። ትናንት ጠዋት ደግሞ ቤት ለቤት አሰሳ ሲደረግ ከኑሪ ፍራሽ ሥር ወጣ። ፈታሾቹ ገጹን ገልጠው ያነበቡት ሌላ ነገር ነው፦ የድብቅ ስም፣ መሣሪያ፣ መሣሪያው የተደበቀበት ቦታ፣ የተገደለ ሰው ብዛት።

ዛሬ ማለዳ ኑሪ በአጥር ዘሎ መጣ። ከንፈሩ አብጧል።

«ማን ጻፈው ሲሉኝ አላውቅም አልኩ። ካድሬው በጥፊ አጮለኝ። ሊደግመኝ ሲል አብዱልሐሚድ ‹የኔ ነው› አላቸው።»

አብዱልሐሚድ የኑሪ ታላቅ ወንድም ነው። ሃያ ዓመቱ ነው፣ አባቱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ፊልሙን አንድ ቀን እንኳ አይቶት አያውቅም።

«ፊልም ነው አላላችኋቸውም?»

«አልናቸው እንጂ። ‹የታለ ፊልሙ?› አሉ።»

ዓለምሰገድ ይህን ሁሉ ለእናቱ ነገራት። ደብተሮቹን የምታቃጥለው ለዚህ ነው።

«ጋሽ ማሞ ያውቃል» አላት አሁን። «መስኮት ላይ ቆሞ ከኛ ጋር ያይ ነበር። አብረን ሄደን ብንነግረው...»

«ማሞ አሁን የቀበሌ ጠመንጃ ይዟል።»

«የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ፣ እማዬ!»

ወለተማርያም ቀና አለች። ዓይኗ ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። «አንተ ብትሄድ ታሳሪው ሁለት ይሆናል እንጂ አብዱልሐሚድ አይወጣም። አባትህ ምሥራቅ ግንባር ከዘመተ አምስት ወር ሆነው፣ አለ የለም አላውቅም። አንተን ደግሞ የት ብዬ ልጠይቅ?»

አመዱን ልትደፋ ወደ ጓሮ ስትወጣ እሱ በፊት ለፊቱ በር ወጣ።

ቀበሌው በር ላይ ሴቶች ምግብ በጨርቅ ቋጥረው ተሰልፈዋል። ምግቡን ከተቀበሏቸው የታሰረባቸው ሰው አሁንም እዚያው አለ ማለት ነው። ማሞ በሩን ይጠብቃል። ድሮ የብስክሌት ጎማ ይለጥፍ የነበረው ማሞ ነው፤ የጠመንጃው ማንገቻ ተበጥሶ በብስክሌት ከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ቀጥሎታል። ዓለምሰገድ ሳያስበው በሐሳቡ ገጹን ይሞላ ጀመር፤ ማሞ፣ ጠመንጃ፣ ትከሻው ላይ... አራተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ተወው።

«ጋሽ ማሞ፣ ደብተሩ የኔ ነው።»

«ምን ልትሠራ መጣህ አንተ? ድምፅህን ቀንስ!»

«ሮክ ማን እንደሆነ ታውቃለህ። ዴል ደረጃው ላይ የተመታ ዕለት ከሁላችንም በላይ የጮኽከው አንተ ነህ። ንገራቸው እንጂ!»

ማሞ ዙሪያውን ቃኘና ወደ አጥሩ ጥግ ገፋው። «ፍራሹን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ በሹክሹክታ። «ገና ስገልጠው ነው ያወቅኩት። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ቀና ስል ካድሬው እያየኝ ነው።»

«እና?»

«እናማ ሰጠሁት።»

ከአናታቸው በላይ አውሮፕላን አለፈ።

«አሁን ፊልም ነው ብል፣ ያኔ ለምን ዝም አልክ ይሉኛል» አለ ማሞ። «ማምሻውን መኪና መጥቶ ታሳሪዎቹን ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ይወስዳቸዋል። አንተ ብትናገርም መኪናው ይመጣል። ሂድ ቤትህ፣ ወንድሜ። አላየሁህም።»

ማሞ ወደ በሩ ሲመለስ የኑሪ እናት እትዬ ሸሪፋ ከሰልፉ መሃል ዓለምሰገድን አየችው። ቋጠሮዋን እንደያዘች ራሷን ነቀነቀች። «ግባ ወደ ቤትህ፣ ልጄ» አለችው ቀስ ብላ። «አብዱልሐሚድ ‹የዚያን ልጅ ስም እንዳታነሱ› ብሎኛል።»

«ሲወስዱት ነው ያለዎት?»

«ሲወስዱት ነው ያለኝ።»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አየ፤ ባዶ ነው፣ ማንም አይከለክለውም። እናቱ ይሄኔ ከጓሮ ተመልሳ ስሙን እየጠራች ይሆናል። የእትዬ ሸሪፋ ተራ ደረሰ፤ ቋጠሮውን ተቀበሏት። አብዱልሐሚድ እስካሁን አለ። እስከ ማምሻው።

ዓለምሰገድ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመ። ማሞ አየው፤ ከዚያ አቀርቅሮ የራሱን ጫማ ያይ ጀመር።

በረንዳው ላይ የቀበሌው ጸሐፊ ትልቅ የታሳሪ መዝገብ ዘርግቶ በማስመሪያ መስመር ያሰምራል። አራት ቦታ።

«ቀጥል! ስም?»

«ዓለምሰገድ ሽፈራው።»

ሰውየው መዝገቡን አገላበጠ። «እንዲህ የሚባል ታሳሪ የለም። መቼ ነው የተያዘው?»

«አልተያዘም። እኔ ነኝ።»

ጂኦግራፊውን ከሸሚዙ ሥር አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሽፋኑ በላብ ርሷል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የእጅ ጽሑፌ ነው።»

ጸሐፊው እስክሪብቶውን አላስቀመጠም። ዓለምሰገድ ግን መናገር ጀመረ።