አራተኛው ድምፅ

ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ እንዳለቀ፣ አዛለች ኪኒኗን በመዳፏ ይዛ ትመጣለች። ስንዱ አፏን ትከፍታለች፣ ትውጣለች፣ ውኃ ትጠጣበታለች፣ ከዚያ ምላሷን አንስታ ታሳያለች። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ እንደ ተማሪዎቿ አፏን ከፍታ መቆሟ መጀመሪያ ሰሞን ያሳፍራት ነበር። አሁን ለምዳዋለች።

«ጎበዝ፣» ትላታለች ታላቅ እህቷ፣ ብልቃጡን ወደ ጉያዋ እየመለሰች። ስንዱ ብልቃጡን በእጇ ይዛው አታውቅም። መድኃኒቱን የሚይዘው አስታማሚ ነው፤ ካርዱ ላይም «አስታማሚ፦ አዛለች፣ እህት» ተብሎ ተጽፏል።

ሐምሌ ነው። ደሴ በሐምሌ ሰማይ የላትም፤ ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይውላል፣ እርጥቡ የግድግዳ ጭቃ ይሸታል፣ የቆርቆሮው ዝናብ ከመብዛቱ የተነሳ ሲያቆም ነው የሚሰማው። ሳሎኑ ውስጥ አዛለች የእግር መኪናዋን እየረገጠች ትሰፋለች። ከሳሎኑ በስተጀርባ ሁለት ክፍል አለ። አንዱ የስንዱ ነው። ሌላው የእናታቸው ነበር፤ ታኅሣሥ ላይ ከሞተች ወዲህ ተቆልፏል።

«እስከ ሙት ዓመቷ አይከፈትም፣» አለች አዛለች። ጎረቤትም ደግ አደረግሽ አላት። ያን ቀን በሩን ዘግታ፣ ማንንም ሳታስገባ፣ እናቷን ብቻዋን የገነዘችው እሷ ናት። ሳጥኑን የተሸከሙት ሰዎች ብቻ «ሴትዮዋ እንዴት ቀለሉ» ሲባባሉ ስንዱ ሰምታለች። በለቅሶ መሀል ማን ቁም ነገር ይለዋል?

ሕመሙ የመጣባት ከአርባው በኋላ ነው። ጠመኔ በእጇ እንደያዘች ልቧ ሊፈነዳ ደረሰ፣ አየሩ አልቆ የቀረ መሰላት፣ ጣቶቿ ደነዘዙ፣ ስልሳ ሕፃን ቁጭ ብሎ እያያት መሞቷን አመነች። አልሞተችም። በሳምንቱ ደገማት። ርዕሰ መምህሩ ሰው ነው፤ ፈቃድ ሰጣት። ግን ቁርጡን ነገራት፤ መስከረም ላይ ካልተመለሰች ክፍሉን ለሌላ አስተማሪ ይሰጣል። ስንዱ ከዚያ ክፍል ሌላ በዓለም ላይ የኔ የምትለው ነገር የላትም።

ሐኪም ቤት የወሰደቻት አዛለች ናት። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ነርስ፣ ሲስተር ፈትለወርቅ፣ አጭር፣ ሳቂታ ሴት ናት።

«የጭንቀት ሕመም ይባላል፣» አለቻት። «ልብሽ ደህና ነው፤ ሰውም አልመተተብሽም። ይታከማል። ኪኒኗ ለመሥራት ሦስት አራት ሳምንት ትፈልጋለች፤ እስከዚያ እንዳታቋርጪ። ሲመጣብሽ ደግሞ ድምፅሽን አውጥተሽ ቁጠሪ። አምስት የምታዪው፣ አራት የምትሰሚው፣ ሦስት የምትነኪው። ጭንቀት ይዋሻል። አንቺ ዓይንና ጆሮሽን ጠይቂ።»

ስንዱ እንደታዘዘችው አደረገች። አንድ ከሰዓት በኋላ ደረቷ መጥበብ ሲጀምር አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ጀመረች። «አምስት የማየው። መስኮቱ። ጉሙ። ጫማዬ። ወንበሩ። እጄ። አራት የምሰማው። ዝናቡ። የእትዬ መኪና። የጎረቤት በግ።»

አራተኛውን ፈለገች።

ከግድግዳው ነው የመጣው። ጥፍር እንጨት ሲጭር። ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም፣ እንደገና ሦስት ጊዜ። ድምፁን ታውቀዋለች። እናታቸው ያ ከባድ ሐዘኗ ሲጫናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛና፣ ሳትበላ፣ ሳትናገር፣ የአልጋውን እንጨት እንዲህ ስትጭር ትውል ነበር፤ ዓመት ሙሉ። ሰው ዓይነ ጥላ ነው አለ፤ ማንም ሐኪም ጋ አልወሰዳት።

ግን ስንዱን ክው ያደረጋት ጥፍሩ አይደለም። ጥፍሩ በጫረ ቁጥር ሳሎን ያለው መኪና ይቆማል። ትንሽ ቆይቶ ይቀጥላል።

ወጣች። «እትዬ፣ ሰማሽ?»

«ምኑን?»

«መኪናውን አቆምሽ እኮ።»

«ክር ተበጠሰብኝ።» አዛለች ቀና አላለችም። «ሕመምሽ ነው፣ ስንድዬ። ነይ ይልቅ ይቺን ለኪያት።»

ለመስከረም የምትሰፋላት ቀሚስ ነው። ስንዱ ለበሰችው። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ፣ ጠርዙ መሬት ጠረገ።

«ረዘመ እኮ።»

«ትሞይዋለሽ።»

«በሠላሳ አራት ዓመቴ ልደግ?» ሳቀች። አዛለች አልሳቀችም። ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ቀሚሱን ሳይሆን ስንዱን ከቀሚሱ ጋር እንደምትለካ።

በወሩ ወደ ሐኪም ቤት ተመለሱ። ሲስተር ፈትለወርቅ «እንዴት ነሽ?» ስትል አዛለች መለሰች። እዚያ እንዲህ ነው፤ በሽተኛ ይቀመጣል፣ አስታማሚ ይናገራል።

«ደህና ናት። ግን የሌለ ነገር ትሰማለች።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎስ አይሰማዎትም?»

«እኔማ ምን እሰማለሁ።»

ስንዱ እህቷን አየቻት። ፊቷ ላይ ምንም የለም። የተቀዳ ውኃ እንኳ እንዲያ አይረጋም።

«ቢጫዋ ኪኒን አፍሽን አላደረቀችሽም?» ጠየቀች ሲስተር።

ቢጫ? የስንዱ ነጭ ናት። ናና ናና ትላለች። እናቷ ለቃር ስታኝከው የነበረውን ትመስላለች። ስንዱ አፏን ከፈተች።

«ኧረ በጣም! ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ነው፣» አለች አዛለች፣ የስንዱን ጉልበት ጨበጥ አድርጋ።

ስንዱ አፏን መልሳ ገጠመች። ታላቅ እህትን ሰው ፊት ማዋረድ፣ የቤት ገመናን ነጭ ጋውን ፊት መዘርገፍ አልተማረችም። ቤት ስንደርስ እጠይቃታለሁ ብላ ዋጠችው። ሐኪም ቤቱ ውስጥ መናገር የምትችለው ያቺን ደቂቃ ብቻ እንደነበረ አላወቀችም።

ቤትም አልጠየቀችም። ፈራች። ነጯን ኪኒን እየዋጠች፣ ምላሷን እያሳየች፣ ሰነበተች። እየቆጠረችም ሰነበተች፤ አራተኛው ድምፅ ግን እየቀነሰ መጣ። ጭረቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አንድ። ከግድግዳው ወዲያ ያለው፣ ምንም ይሁን ምን፣ እየተሻለው ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ፣ እሑድ፣ አዛለች ወደ እድር ሄደች። ስንዱ የተቆለፈው በር ፊት ቆመች። ስምንት ወር የተዘጋ ክፍል አቧራና ሻጋታ ይሸታል። ይሄ አዲስ ላብ ይሸታል፤ ያልታጠበ ጠጉር፤ ማር። ጎንበስ አለች። በሩ ሥር አንዲት የሲኒ ማስቀመጫ ነበረች፣ ግማሿ ወደ ውስጥ ገብታ። የተላሰ ማር ላይ ቢጫ ዱቄት ቀርቷል።

ውስጥ የሆነ ነገር ትንፋሹን ሳበ።

«አምስት የማየው፣» አለ። የእናቷ ድምፅ ነው፣ የሻከረ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ። «በሩ። ብርሃኑ። ጥላው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «እግሯ።» አሁን ጠራ፤ ቀለል አለ፤ ሕፃናት ፊት መቆም የለመደ ድምፅ ሆነ። ስንዱ የራሷን ድምፅ ከበሩ ወዲያ ሰማች። «ጣቶቿ።»

ስትዞር አዛለች ከኋላዋ ቆማለች። ከጃንጥላዋ ውኃ ይንጠባጠባል።

«ማን ነው ውስጥ ያለው?»

«ማን ይሆናል?»

«ቀበርናት እኮ፣ እትዬ!»

«ሳጥኑን ቀበርን። ስገንዛት እንደገና ስትተነፍስ ታዲያ ምን ላድርግ? እንደዚያ ስትሠቃይ ዝም ብዬ ልያት? ድሮ ዝም አልናት፣ በቃኝ።» አዛለች ጃንጥላውን አጥፋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። «ሕክምናውን በማን ስም ላውጣው? ለሞተ ሰው ካርድ አይወጣም።»

ስንዱ ግድግዳውን ያዘች። «እኔስ? እኔም ታምሜ ነበር እኮ።»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

ልክ እንደ ምርቃት ነው ያለችው። ከዚያ ቁልፉን ከጉያዋ አወጣች። «ሲስተር ዓይንሽን ጠይቂ አላለችሽም? ግቢና እያት። እኔ እያለሁ ምን ያስፈራሻል?»

በሩ ተከፈተ። ስንዱ ገባች፤ እንዴት እንደገባች በኋላ ራሷን ስትጠይቅ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ አዛለች ናት እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት፣ አዛለች ግቢ ስትል ይገባል። መስኮቱ በጣውላ ተመትቷል። ከሳሎኑ በገባው ግራጫ ብርሃን ግድግዳውን አየች፣ አልጋውን፣ መሀሉ የጎደጎደውን ፍራሽ፣ እንጨቱ ላይ የተጫረውን በመቶ የሚቆጠር መስመር። ሰው የለም። ከበሩ ጀርባ ግን አላየችም።

«ማንም የለም፣ እትዬ፣» አለች፣ ልትስቅ ትንሽ ቀርቷት።

በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ዞረ። ከበሩ ሥር በገባው ቀጭን ብርሃን ውስጥ አራት እግር ቆሞ ነበር፤ ሁለቱ እርጥብ ጫማ የለበሱ፣ ሁለቱ ባዶ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጩኸት የት ይደርሳል? ስንዱ ድምፅዋ እስኪጠፋ ጮኸች፤ ጠፋም። የሚያኖራት እህልና ውኃ በበሩ ሥር ይገባል። ማር የለውም። ልቧ እንደ በፊቱ ሊፈነዳ ሲደርስ በከንፈሯ ብቻ ትቆጥራለች፤ የምታየው አምስት አይሞላም።

የምትሰማው ግን ይሞላል። ጠዋት ጠዋት፣ ቁርስ እንዳለቀ፣ «ምላስሽን አንሺ» ይላል የአዛለች ድምፅ፤ «ጎበዝ።» ትናንት በስንዱ ካርድ ሄደው ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ሰማች፤ ሲስተር ፈትለወርቅ በጣም ተደስታለች፣ መስከረም ላይ ሥራ መጀመር ትችያለሽ ብላ ጽፋለች፣ ከስተሻል ከማለት በቀር ሌላ ምንም አላለችም።

«ቀሚሱ ልኬ ነው፣ እትዬ፣» አለ ሳሎን ውስጥ የስንዱ ድምፅ። «ጠርዙን ብቻ ምቺልኝ።»

መኪናው መረገጥ ጀመረ። ስንዱ ተንፏቅቃ በሩ ጋ ደረሰች፣ ጥፍሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች፣ ሦስት ጊዜ ጫረች።

መኪናው ቆመ፤ ትንሽ ቆየና ቀጠለ።