ሰው አለው

ሣራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ሰኞ ከደብረ ብርሃን ወደ ጎረቤላ ስትጓዝ ጋቢናው ክፍት ሆኖ ይጠብቃታል። ዕድሌ ነው ትል ነበር። ሾፌሩ ገብረአብ ብዙ አያወራም፤ ብርዱ ሲጠና ጋቢውን ጉልበቷ ላይ ጣል አድርጎ መንገዱን ያያል።

ዛሬ የመጨረሻዋ ነው። ከምታስተምርበት ከጎረቤላ ዝውውር ደርሶላታል፤ የቢሮዋን ቁልፍ አስረክባ ትመለሳለች። ከዚያ ወዲያ በዚህ መኪና የምትሳፈርበት ጉዳይ የለም። ሳትጠይቅ ብትለየው ሲቆጫት እንደሚኖር ስላወቀች፣ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጠውን ፋናን ጠጋ አለቻት። ገብረአብ የጋቢናውን በር ተደግፎ ቆሟል።

«ፋንዬ፣ ለመሆኑ… ሰው አለው?» አለች በአገጯ ወደዚያው እያመለከተች።

ፋና ቀና ብላ ባዶውን የጋቢና ወንበር አየች። «አለው እንጂ! አሁን እንኳ አንዷ ጠይቃው እንቢ ብሎ መለሳት።»

ሣራ የፋናን ዓይን አልተከተለችም። አንገቷን ደፍታ መጨረሻው ወንበር ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

«ሣራ፣ ወደዚህ ነይ እንጂ…» አላት ገብረአብ ከጋቢናው።

«እዚህ ይሻለኛል።»

መንገዱን ጉም ውጦታል። በስፖኪዮው ዓይን ለዓይን ሁለቴ ተጋጩ፤ ሁለቴም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አንተ ሾፌር!» አሉ ወደ አልዩ አምባ የሚመለሱት ነጋዴ፣ ጋሽ ያዕቁብ። «እኛ እዚህ እንደ በርበሬ ጆንያ ተጠቅጥቀን፣ ያ ወንበር ለጂን ነው የተያዘው?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ሰው አለው።»

«ሱብሃነላህ! ሰውየው የታለ?»

ገብረአብ ማርሽ ቀየረ። «ሴት ናት» አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ስይዝላት ኖሬያለሁ። ዛሬ በምን እንዳስቀየምኳት እንጃ፣ ከኋላ ተቀምጣለች።»

የፋና ቃል ሣራ ጆሮ ላይ ደወለ። ለካ ስለ ወንበሩ ነበር! ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ወራጅ አለ!» አለች።

«እዚህ? ገደሉ አፋፍ ላይ?» አሉ ጋሽ ያዕቁብ።

መኪናው ቆመ። ሣራ በሰው ጉልበት መሃል ተሹለክልካ ወረደች፤ በጉሙ ውስጥ ዞራ የጋቢናውን በር ከፈተች። ወንበሩ ላይ ጋቢው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

«ሰው አለው?» አለች፣ ወንበሩን ሳይሆን እሱን እያየች።

ገብረአብ ጋቢውን አነሳላት። «አሁን አለው።»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሞላ!» አሉ ጋሽ ያዕቁብ ከኋላ። «በል ንዳው!»