የአራተኛው ሳምንት ፊርማ

መምህሩ ሞተው የተገኙት በሥልጠናው ጨዋታ አራተኛ ሳምንት ላይ ነው። በእሳቸው ጨዋታ አንድ ሳምንት ማለት ሩብ ሰዓት ነው። ሠልጣኞቹ የሌለ ሶፍትዌር እንደሚሠሩ ሆነው ቡድን እየመሩ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ መምህሩም እንደ ደንበኛ ቢሯቸው ተቀምጠው በየሳምንቱ አንድ ድንገተኛ ክስተት የጻፉበት ካርድ ይልካሉ፣ መጨረሻ ላይም ሥራውን አይተው ይፈርማሉ። የአራተኛው ፊርማ ቀረ። ሐኪሙ ከሻይ ፔርሙሳቸው መርዝ አገኘ።

ሻዩን ያፈላችው ታናሽ እህታቸው ናት። ሃያ ዓመት በፍቅር ያፈላችው ሻይ ዛሬ ወህኒ ሊያስገባት ነው፤ ፖሊሱ ከአጠገቧ አልራቀም። ሠልጣኞቹ ከአዳራሹ አልወጡም፤ የቢሮው ቁልፍ ያለው ከእሷ ሌላ በሁለት ሰው እጅ ብቻ ነው። አንዱ ጥድፊያ የሚሉት የማሠልጠኛው ፕሮግራመር፣ ከመምህሩ ጋር በቅርቡ የተኳረፈው። ሌላው የመምህሩ ምክትል። እሱን ደግሞ ማን ይጠረጥራል? ወንድሟ ከተማሪነቱ ጀምሮ ልጄ ብሎ ያሳደገው፣ እሷም ከራሷ ቀንሳ ያበላችው ልጅ ነው። ጠዋት ሲያለቅስ ደግፋ የያዘችው እሷ ናት።

መርማሪዋ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። ሦስቱንም ጠየቀች፤ ሦስቱም ፔርሙሱን አልነካንም አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን፣ ጥድፊያና ምክትሉ ለሁለቱ ቡድኖች ያወጧቸውን ዕቅዶች ቆማ ስታነብ ቆየችና ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበች።

«እነዚህ መቼ ተሰቀሉ?»

«ጠዋት፣ ጨዋታው ሳይጀመር» አለ ምክትሉ። «ከተሰቀሉ በኋላ አይነኩም፤ የመምህሩ ሕግ ነው።»

«የጥድፊያ ቡድን ዕቅድ ስህተቱ አያልቅም፤ ግን ለእያንዳንዱ ሳምንት ፊርማ ጊዜ ይዟል። ያንተ እንከን የለውም፤ የፊርማ ጊዜው ግን ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያበቃል። መምህሩ ሻይ የሚጠጡት ሦስተኛውን ፈርመው ነው። አራተኛውን እንደማይፈርሙ ጠዋት በምን አወቅህ?»

«ረስቼው ነው።»

«አንተ አትረሳም» አለች እህትየው። «‹የማይሆን ነገር ዕቅድ ላይ አትጻፍ› ብሎ ያስለመደህ ወንድሜ ነው።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፤ አይ ሰው! ምክትሉ አንገቱን ደፋ። «ቦታቸውን ለጥድፊያ ሊሰጡት ነበር፣ እትዬ። እኔ ዕድሜ ልኬን ምክትል ልሁን?»

መርማሪዋ ከመምህሩ መሳቢያ ያገኘችውን የመጨረሻ ሳምንት ካርድ ለእህትየው ሰጠቻት። እህትየው ጮክ ብላ አነበበችው፦ «መሪው ለቀቀ፤ ምክትሉ ተተካ። ልጄ፣ ይሄኛው ጨዋታ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ያንተ ነው።»

ምክትሉ ካርዱን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። እህትየው አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።