ያልተፈታው ቀይ ክር

ልጅቷን ፈልጎ ያገኛት ሰው የለም። ሽታው ነው ሰዉን የጠራው።

ቅዳሜ ጠዋት ከአትክልቱ ጀርባ ያለውን ደረቅ የውሃ ጉድጓድ የብረት ክዳን ሲያነሱ፣ ከሥር ተኮራምታ አገኟት። የብረት መፋቂያ በእጇ ጨብጣለች፤ አጠገቧ ያለው አሮጌ የብረት ቧንቧ በምት ብዛት ተሰርጉዷል። ጫማዋ ሥር ነጭ ፍሬ መሰል ነገር ተጣብቋል። መሰላሉ ውጭ ነው፣ የዕቃ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ።

«ቁርጭምጭሚቷ ተሰብሯል» አለ ሐኪሙ። «የገደላት ግን ውሃ ጥም ነው። ሦስት ቀን ያህል በሕይወት ነበረች።»

ሳጅኑ ሃያ ዓመት ሬሳ አይቷል። ይህን ሲሰማ ግን ቁጭ አለ።

ቦታው መንገደኞች የሚያርፉበት የጋራ መንደር ነው። በቀን ለአምስት ሰዓት የሠራ አልጋና ምግብ ያገኛል። ቤቱ ከጭቃ፣ መብራቱ ከፀሐይ፣ ውሃው ከወንዝ። በሩ ላይ «ይህ አፈር የፋብሪካ ማዳበሪያ ቀምሶ አያውቅም» ተብሎ ተጽፏል። መሥራቹን ሁሉም ጋሼ ይሉታል። እዚያ ማንም እውነተኛ ስሙን አይጠየቅም፤ የሞተችውንም ሳቂታ ነበር የሚሏት። ጋሼ ስንብትን ከልክሏል፤ ልብ ያደክማል ባይ ነው። የሚሄድ ሰው ቅጽል ስሙ የተቀረጸበትን፣ በቀይ ክር የተንጠለጠለ እንጨት ከሥራ ሰሌዳው ላይ አንስቶ ቅርጫት ውስጥ ይጥላል፣ በቃ።

ሰኞ የሳቂታ እንጨት ቅርጫቱ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ማንም አልፈለጋትም። እንዲህ ያለ ፍቅር የሚሰበክበት ቤት ነው።

እናቷ ልጇን ፍለጋ ያንኑ ቅዳሜ ደረሰች።

«ማክሰኞ ስደውል ሄዳለች አሉኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ፣ ሳጅን። ወዲያው ነው የሞተችው?»

«አጣርቼ እነግርዎታለሁ፣ እናቴ» አለ። ፈርቶ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው አንድ ጊታር ተጫዋች መንገደኛ ነበር። ከሳቂታ አይለይም ነበር፣ የጠፋውም ሰኞ ነው። ሳጅኑ የአውቶቡሱን ረዳት አፈላልጎ ጠየቀው፤ ልጁ የተሳፈረው ጎህ ሲቀድ ነው። ሳቂታ ደግሞ ያን ቀን ከሁሉም ጋር ቁርስ በልታለች። እሱ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ወጥ ቤቷን ጠራት። የውሃ ፓምፕ ጠባቂውም አጠገቧ ቆሟል።

«እህቴ፣ ከሰኞ ወዲህ የተለየ ነገር ሰምተሻል?»

«ምንም። ያ የፓምፕ ድምፅ ብቻ። ማክሰኞና ረቡዕ ጓ፣ ጓ፣ ጓ! ራሴን ሊፈልጠው ነበር።»

ፓምፑ በወንዙ ጉልበት የሚሠራ ነው፤ ሲሠራ እንደ መዶሻ ይመታል። መንደርተኛው ለምዶታል።

«ምን ነካሽ? ፓምፑ እኮ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቆሟል» አለ ፓምፕ ጠባቂው። «ትልቁ ማጠራቀሚያ እየታጠበ ነበር፤ ውሃ የምትቀዱት ከትንሹ ነው። እኔ ታች ወንዙ ዳር ቧንቧ ስቀይር ነው የሰነበትኩት።»

ወጥ ቤቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«ኧረ ይሄን ነገር ዝም አሰኙልኝ ብያለሁ» አለች። «እየሳቅኩ።»

ሳጅኑ እናትየዋ ባለችበት ቅርጫቱን ጠረጴዛ ላይ ገለበጠው። ከአርባ በላይ እንጨት ወደቀ። ቀይ ክር ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ የሳቂታ።

«የሌሎቹስ ክር?»

«የሚሄድ ሰው ክሩን ፈትቶ እጁ ላይ ያስረዋል። ስንብት ሲከለከል እንግዶቹ በድብቅ ያመጡት ነገር ነው» አለ ፓምፕ ጠባቂው።

«ሁሉም ያውቃል?»

«ከጋሼ በቀር። እሱ ከየት ያውቃል? ሄዶ አያውቅ!»

በጋሼ ክፍል ውስጥ፣ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ሦስት ከረጢት የፋብሪካ ማዳበሪያ ተገኘ። ፍሬው ነጭ ነው።

«ሦስት ዓመት ሰብሉ ከሸፈብኝ» አለ ጋሼ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል። «ምን ላድርግ? ማዳበሪያ ገዛሁና ደረቁ ጉድጓድ ውስጥ ደበቅኩት። ሳትታዘዝ ጉድጓዱን ላጽዳ ብላ ወረደችና አየችው። ዛሬውኑ ለሁሉም እናገራለሁ አለችኝ።»

«መሰላሉን አወጡት።»

«እስክትረጋጋ ነው! ልትይዘው ስትንጠለጠል ወደቀች።»

«ከዚያስ?»

«ካወጣኋት ታወራለች። ክዳኑን ዘጋሁና እንጨቷን ቅርጫት ውስጥ ጣልኩ። ድምፁ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ሐሙስ ጠዋት ጠፋ።»

«ከረጢቶቹስ?»

«ያኔ ወርጄ አወጣኋቸው።»

«ከረጢቶቹን አውጥተህ እሷን ተውካት» አለው ሳጅኑ። እስካሁን አንቱ ሲለው ነበር።

ዞር ሲል እናትየዋ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ሳጅኑ «ወዲያው ነው» ሊላት ያዘጋጀው ውሸት ከንቱ ቀረ።

እሷ ግን እሱን አልጠየቀችም። ግቢው ውስጥ ወደተሰበሰቡት ሄደች።

«ስንቶቻችሁ ያንን ድምፅ ሰማችሁ?»

የወጥ ቤቷ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የአንድ መንገደኛ። ከዚያ የሌላው። ከፓምፕ ጠባቂው በስተቀር እጁን ያላወጣ አልነበረም።

እናትየዋ እጆቹን ሁሉ አየች። የልጇን እንጨት ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። ቋጠሮው ጠብቋል፤ በጥርሷ ፈታችው። ቀይ ክሩን በገዛ እጇ ላይ አስራ እንጨቱን ቅርጫቱ ውስጥ ጣለችው።

«ልጄ የሄደችው አሁን ነው» አለች።