ከመጋረጃው ጀርባ የመለሰው ድምፅ

የትምህርት ቤቱ የቴአትር መምህር ሚስተር ሄውገን ከመድረኩ ፊት ባለው የሙዚቀኞች ጉድጓድ ውስጥ ሞቶ መገኘቱን ስትሰማ ጆሊን ራስክ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ «ገደልኩት» የሚል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለች። በማግሥቱ ቅዳሜ ሊንከን ከተማ ሄዳ እዚያ ላለ ኮሌጅ የቴአትር ነፃ የትምህርት ዕድል ልትፈተን ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ያስጠናት ደግሞ እሱ ነበር። ዕድሉን ካላገኘች ኮሌጅ የሚባል ነገር እንደሌለ እሷም እናቷም ያውቃሉ። አሁን ግን ፈተናው ከነመኖሩም ጠፋባት፤ ዓይኗ ላይ የሚመጣው እስር ቤት ብቻ ነበር።

መርማሪ ሩት አምስለር በረዶውን ከጫማዋ እያራገፈች ገባች። አጭር ናት፤ ሰው ሲያወራ ከፊቱ ይልቅ እጁን ነው የምታየው። ዶሮ የሰረቀ ሰው እንኳ የእሷን ስም ከሰማ ዶሮዋን ይመልሳል እየተባለ በከተማው ይቀለድባታል። ሐሙስ ማታ ልምምድ ላይ የነበሩትን አራት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ አስቀምጣ፣ ተራ በተራ ወደ ፊት እየጠራች ታነጋግር ጀመር። ጆሊን ከእናቷ ጋር መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ያ አዳራሽ ሹክሹክታ እንኳ አያስቀርምና ሁሉንም ትሰማ ነበር።

መጀመሪያ የተጠራው የመድረክ ሥራ መምህሩ ሚስተር ክሮል ነው፤ ጠዋት ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«የጉድጓዱን ክዳን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ለፀደይ ትርዒት ነበር» አለ። «ሄውገንም ያውቃል፤ ሁላችንም እናውቃለን። ጥፋተኛው አንተ ነህ ልትይኝ ነው ሩት?»

«ከዚያስ የት ሄድክ?»

«ቦውሊንግ። ግማሹ ከተማ አይቶኛል፤ መሸነፌንም ጭምር።»

ቀጥሎ ዳልተን ሪስ መጣ፤ ነገ ከጆሊን ጋር ለዚያችው አንድ ዕድል የሚፈተን ልጅ ነው። ዓይኑ አብጧል።

«እኔ ቀድሜ ነው የወጣሁት። ጓደኞቼ ወሰዱኝ።»

«ለነገው ተዘጋጅተሃል?»

«አክስቴ አዘጋጅታኛለች። ዳኞቹ በስተግራ መስኮቱ ሥር ስለሚቀመጡ ፊትህን ወደዚያ አድርግ ብላኛለች።»

አክስቱ ሚስ ኮሪን ላንሃም ናት፤ የሄውገን ረዳትና ፒያኖ ተጫዋች። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ስትጠራ ቀጥ ብላ መጣች።

«ራሴን አሞኝ ልምምዱ ሳያልቅ ሄድኩ» አለች። «ስወጣ ሄውገን መድረኩ ላይ ነበር፤ ከልጅቷ ጋር።» ወደ መጨረሻው ረድፍ ዞራ አየች። «የመጨረሻዋ እሷ ናት።»

ጆሊን የእናቷን እጅ ጨበጠች።

«እዚህ ከመምጣትዎ በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» አለች አምስለር፤ ነገሩን ያልሰማች ይመስል።

«ከከተማ ከተማ በሚዞር ቡድን ውስጥ ተዋናይ ነበርኩ። አሁን ከፒያኖው አልነሳም።»

የጆሊን ተራ ሲደርስ ገና ሳትጠየቅ ዕንባዋ ቀደማት።

«እኔ ነኝ የገደልኩት። መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

«ጆሊን!» አለች እናቷ ደንግጣ።

«ይተዉአት፣ ትናገር» አለች አምስለር። «እንዴት አድርገሽ አጠፋሽው የኔ ልጅ?»

«ማጥፊያው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው። እዚያ ሆኖ መድረኩ አይታይም። ስለዚህ ከማጥፋታችን በፊት «ይጨልማል!» ብለን እንጮሃለን። መድረክ ላይ ያለ ሁሉ የግድ ይመልሳል፤ ሰምቻለሁ፣ ደህና ቦታ ቆሜያለሁ ማለት ነው። የሚስተር ሄውገን ሕግ ነው፤ ያልመለሰ ሰው ተባሮ ይሄዳል። እኔም ጮህኩ፤ ተመለሰልኝ፤ አጠፋሁና ወጣሁ። ግን ጨለማ ውስጥ ትቼው... እሱ ደግሞ ገባበት...»

«ማነው የመለሰልሽ?»

«እሱ ነዋ። ማለቴ... መጋረጃው ወፍራም ነው። ድምፁን ለይቼ አልሰማሁትም።»

«ስንት ሰው መለሰ?»

«አንድ።»

«ቃሉን እንዳለ ንገሪኝ። ምን ነበር ያለው?»

ጆሊን አፍንጫዋን ጠረገች። «"ይጨልማል፣ አመሰግናለሁ" ነበር ያለው።»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚለው?»

«አይ። እዚህ ሁላችንም "አመሰግናለሁ" ብቻ ነው የምንለው። እሱም...» አቋረጠች።  እሱ ካልሆነ፣ እዚያ ከእሷ በመጋረጃ ብቻ ተለይቶ የቆመው ማን ነበር?

አምስለር ወጥታ ስልክ ደወለች። ቆይታ ተመለሰችና ሁሉም መድረኩ ላይ ወጥተው ከጉድጓዱ ራቅ ብለው እንዲቆሙ አደረገች። ከዚያ ወደ ጆሊን ጆሮ ጠጋ አለች።

«ሂጂና እንደ ሐሙሱ አድርጊ።»

«አልችልም። እፈራለሁ።»

«ፍሪ። እየፈራሽ አድርጊው።»

ኮሪደሩ ጭር ብሏል። ጆሊን ማጥፊያውን ይዛ «ይጨልማል!» ብላ ጮኸች።

«አመሰግናለሁ!» የሚል የታፈነ ድምፅ መጣ። «አመሰግናለሁ» አለ ሌላም።

በሁለቱ ላይ ተደርቦ ሦስተኛ ድምፅ መጣ።

«ይጨልማል፣ አመሰግናለሁ!»

ጆሊን መብራቱን አላጠፋችውም። ማጥፊያውን ለቃ ወደ መድረኩ ሮጠች። ሚስ ላንሃም እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ሐሙስ ማታ የመለሰው አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች አምስለር ረጋ ብላ። «ሄውገን እዚህ ቆሞ ቢሆን ኖሮ እሱም ይመልስ ነበር፤ ሕጉን ያወጣው እሱ ነው። አልመለሰም። ስለዚህ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ወድቆ ነበር። የመለሰው ደግሞ ሙያውን ሌላ ቦታ የተማረ ነው፤ የተጠራውን ቃል ደግሞ ነው የሚያመሰግነው። ሚስ ላንሃም፣ እርስዎ ሁልጊዜ ከመድረኩ በታች ፒያኖው ጋ ስለሆኑ ሲመልሱ የሰማዎት የለም። ያን ምሽት ግን እዚህ ላይ ነበሩ።»

«አፌ ለምዶበት ነው። ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ቀድሜ ሄጃለሁ ብለው የዋሹት ግን ለምንድን ነው? ዳልተን ዳኞቹ የሚቀመጡበትን መስኮት እንዴት አወቀ? ኮሌጁ ጋ ደውዬ ነበር። ከነገዎቹ ዳኞች አንዷ እርስዎ ነዎት፤ ዳልተን የእህትዎ ልጅ መሆኑን አልነገሯቸውም። ሄውገን ደርሶበት፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ጉዳይ እነግራችኋለሁ ብሏቸው ነበር።»

ሚስ ላንሃም መድረኩ ላይ ቁጭ አለች።

«ልጇን ኮሌጅ ላስገባ ለእህቴ ቃል ገብቼላታለሁ» አለች። «ሄውገን ከዳኝነቱ ራስሽን አግልይ አለኝ። እባክህ ብዬ እጅጌውን ያዝኩት። ክንዱን መንጭቆ ወደ ኋላ ሲል... አልገፋሁትም። እምላለሁ አልገፋሁትም! ቁልቁል እያየሁት ሳለ ይቺ ልጅ ጮኸች። አፌ ቀደመኝ።»

«ወዲያው አልሞተም» አለች አምስለር። «እርዳታ ቢጠሩለት ይተርፍ ነበር፤ ሐኪሙ ነው ያለው።»



«እኔም እዚያ ነበርኩ» አለች ጆሊን። «ብቅ ብዬ ባየው ኖሮ...»

«አንቺ ጠይቀሻል» አለቻት አምስለር። «ሁሉ ደህና ነው የሚል መልስ የሰጠሽ ሰው አለ። የዚያን ምሽት ጥፋት የምትሸከመው እሷ ናት።»

አምስለር ሚስ ላንሃምን ይዛት ስትወጣ ዳልተን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም። ጆሊን አጠገቡ ሄዳ ቆመች።

«ነገ በማለዳ ነው የምንወጣው» አለችው። «እናቴ ትነዳለች። አብረኸን ና።»

«አብደሻል? ዕድሉ እኮ ለአንድ ሰው ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አክስቴ ናት፣ ጆሊን። ባንቺ ልታላክክ ነበር።»

«አውቃለሁ አልኩህ። ሚስተር ሄውገን ሁለታችንንም ነው ያስጠናን። ደግሞ እፈራለሁ፤ እዚያ በር ላይ ብቻዬን መቆም አልችልም።»

 «እሺ፣ የት ልጠብቃችሁ?» አለ ዳልተን።

«ዛሬስ ማታ?» አለች የጆሊን እናት ከኋላቸው። «የት ነው የምታድረው?»

ልጁ እስከዚያ ድረስ አላሰበውም ነበር። በዚያ ከተማ ከአክስቱ በቀር ማንም ዘመድ አልነበረውም።

«ካፖርትህን ልበስ» አለችው የጆሊን እናት።