የቦሼ ጎታ

ባላምባራስ ገብረሥላሴ የተገኙት በእህል ቤታቸው ውስጥ፣ ገና ባልደረቀ ጎታ ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። ቀኑ የቦዲቲ ገበያ ስለነበረ ቤቱ ጭር ብሎ ውሏል። ያገኘቻቸው ከገበያ ቀድማ የተመለሰችው ባለቤታቸው ሳህሊቱ ናት። አልጮኸችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣችና ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት የሰማው የሟቹ ታናሽ ወንድም ማሞ መጥቶ፣ ገብቶ አይቶ፣ ኡኡ ሲል ነው።

ወሬው ሶዶ ደረሰ፤ ከሶዶም ግራዝማች ወልደመስቀል ታዘዙ። ዘመኑ ፲፱፻፳፮ ዓ.ም. ነው። መርማሪ የሚባል ሹመት በአገሩ ባይኖርም ነገር ሲወሳሰብ ሰው ሁሉ «ግራዝማችን ጥሩልን» ይል ነበር። አጭር፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሰው ሲያነጋግሩ ፊት ትተው እጅ እጅ ያያሉ፤ ይህ ልማዳቸው ብዙ ሰው ያስከፋል፤ እሳቸው ግን ደንታ የላቸውም።

በዳሞት ተራራ ግርጌ ካለው ግቢ ሲደርሱ ሬሳው ተቀብሯል፤ ወንጀለኛዋም ተገኝታ ታስራለች። ቦሼ ትባላለች፤ ሸክላ ሠሪ ናት። እግሯን በጠፍር አስረዋት፣ አርባ ቀን ያልሞላውን ወንድ ልጇን ታቅፋ ከግንድ ሥር ተቀምጣለች። ጎታውን የሠራችው እሷ ናት። በዚያ የገበያ ቀን ከግቢው ስትወጣ ደግሞ የባላምባራስ ጭሰኛ ኤርሳዶ አይቷታል። ለመንደሩ ይኸው በቃው። ሸክላ ሠሪዎቹን «ቻናሻ» እያለ ከደጁ የሚያርቅ፣ ማሰሮዋን ገዝቶ እሷን ግን ከመደብ የማያስቀምጥ አገር ነውና ሌላ ምስክር ምን ያደርግለታል? ከተፈረደባት ትሰቀላለች፤ ልጁም ያለ እናትና ያለ ክርስትና ይቀራል። ይህንን ሁሉም ያውቃል፤ እንቅልፍ ያጣበት ሰው ግን አልነበረም።

ግራዝማች ጠፍሩን አስፈቱላት። «ወዴት ልትሄድ ነው፣ ልጅ ታቅፋ?» አሉና ወደ እህል ቤቱ ገቡ።

ጎታው በሰው ቁመት ልክ ነው። ጎታ እሳት አያይም፤ ከጭቃ፣ ከጭድና ከእበት ተሠርቶ ነፋስ ብቻ ያደርቀዋል። የአገሬው ጎታ ልሙጥ ነው፤ የቦሼ ግን ከአፉ እስከ እግሩ ጌጥ ነበረው። ጭቃውን በእርጥብ መዳፏ ታለሰልሰዋለች፤ ጥቂት ጠንከር እስኪል ትጠብቅና የበቆሎ ቆረቆንዳ ታንከባልልበታለች። ጥርስ ጥርስ ያለው ጥለት ረድፍ ሠርቶ ይወርዳል። ባላምባራስም ወደውት ነው ያሠሯት። ግራዝማች ጎታውን ዞሩት፤ በስተኋላ፣ ከግድግዳው ጋር ከሚጠጋው እግሩ ላይ ሲደርሱ ቁጭ አሉ። እዚያ ጥለቱ ጠለቅ ብሏል፤ ጠርዙም ተጎትቷል። በጥርሶቹ መሃል ደግሞ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች ይታያሉ። በጣታቸው አልነኩትም። ቆረቆንዳው መሬት ላይ ወድቋል፤ የተረፈው ጭቃም ከበሩ አጠገብ ባለ ጉድጓድ ውስጥ የእንሰት ቅጠል ለብሶ ተቀምጧል። ብድግ አሉና በሩን በሰፊው ከፈቱት፤ ነፋስ ይግባ ብለው አዘዙ።

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቁ። መጀመሪያ ሳህሊቱን።

«ከቤት ምን ጠፋ?»

«መጁ» አለች። የወፍጮው ድንጋይ እንዳለ ነው፤ በእጅ ተይዞ የሚፈጭበት መጅ ግን የለም። ለለቅሶው የሚሆነውን እህል የፈጩት ከጎረቤት ተውሰው ነው።

ባሏን ትወድ እንደሆነ ጠየቋት፤ ብዙ ካሰበች በኋላ አዎን አለች። ታዲያ ለምን አታለቅስም? «አልመጣልኝም፤ እጄም እግሬም ደንዝዟል» አለች። ይህንን የነገረቻቸው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነው።

ማሞ ግን እንባው አላቋረጠም። ፊቱን ነጭቷል፤ ጠጉሩን ተላጭቷል። በገበያው ቀን ከግቢው በታች ባለው መስክ ከብት ሲያይ እንደዋለ ተናገረ። መጅ የሴት መሣሪያ ነው፣ በመጅ የሚገድል ሴት ነው ብሎም አከለ።

«ሴትዮዋ በወንድምህ ላይ ምን ቂም አላት?»

«ልጄን ክርስትና አንሱልኝ ብላ ጠይቃቸው ነበር። ጋሼ እምቢ አሏት። በዚያ ተናዳ ነው።»

ግራዝማች እጁን አዩ። ጥፍሩ ንጹሕ፣ መዳፉ ለስላሳ ነው። አመስግነው አሰናበቱት።

ኤርሳዶ እንሰት ሲኮተኩት እንደነበር፣ ቦሼን ስትገባም ስትወጣም እንዳያት፣ በእጇ ግን ከልጇ በቀር ምንም እንዳልያዘች ተናገረ። ይህንን ለምን ቀድሞ አልተናገረም? የጠየቀው ሰው አልነበረም። አንገቱን ደፋ፤ አፍሯል። ቦሼም ስትጠየቅ አጭር መለሰች። ጎታው ደርቆ እንደሆነ ልታይ መጣች፤ ባላምባራስ በሕይወት ነበሩ፤ «እሑድ በጠዋት ነይ» አሏት፤ ሄደች። ግራዝማች ተመልሰው ሳህሊቱን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ባልሽ የቦሼን ልጅ ክርስትና እምቢ ብለው ነበር?»

«እሺ ብለዋል እንጂ! ማተቡን የገመድኩት እኔ ነኝ፤ ሰባራው ሣጥን ውስጥ ነው።»

በማግስቱ አውጫጭኝ ተጠራ። የአካባቢው ሰው በሙሉ ከዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ነፍሰ ገዳዩ እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እንደ ደንቡ ሽማግሌዎች እየተነሡ ያዩትንና የሰሙትን ተናገሩ፤ ሁሉም ቦሼን አለ። ግራዝማች ሰሙ፤ በማግስቱም እንደዚያው። ጠዋት ጠዋት ብቻቸውን እህል ቤት ገብተው ይወጣሉ። ሰው ሥራ ፈታ፣ ከብት አዝመራ ገባ፣ ማጉረምረም በዛ። አንድ ሽማግሌ ይህች ሴት እያለች ምን እንጠብቃለን ብለው ተቆጡ። ግራዝማች ጭቃ እስኪደርቅ ነው ብለው መለሱ። ሽማግሌው የሚያሾፉባቸው መስሏቸው አኮረፉ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግራዝማች አንድ ሳንቃና ከዚያው ጉድጓድ የተዛቀ ጭቃ፣ ከነቅጠል ክዳኑ፣ አስመጡ። በዚያ ቀን በግቢው አካባቢ የነበራችሁ አራታችሁ ኑ፣ አንድ አንድ እፍኝ ለጥፋችሁ አለስልሱ አሉ። ሳህሊቱ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ጣል አድርጋ በመዳፏ ለጠፈች። ኤርሳዶ ቤት ሲመርግ እንደለመደው በጥፊ መታ አድርጎ አሳለፈ። ቦሼ በአንድ እጇ ልጇን እንደያዘች በሌላው አለሰለሰች። ማሞ ጎንበስ አለ፤ ከእንሰት ቅጠሉ ቀደደና መዳፉን ጠቀለለበት፤ ከዚያ ለጠፈ። ማንም አልገረመውም።

ግራዝማች ሳንቃውን አስይዘው ሁሉንም ወደ እህል ቤቱ መሩ። የቻለ ገባ፣ ያልቻለ በበሩ አንገቱን አስገባ። የጎታው ኋላ በቁና አፍ ልክ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ተሰንጥቋል። በቢላዋ ጫፍ ሲነኩት ጭቃው ወደቀ፤ ከጀርባውም መጁ ተንከባሎ ወጣ። የደረቀ ደም አለበት።

«ጎታዋ ነው! የሷው ሥራ ነው!» ተባለ።

«የሷ ሥራ ቢሆን ባልተሰነጠቀ» አሉ ግራዝማች ድምፃቸውን ሳያነሡ። «በአንድ ቀን የተለጠፈ ጭቃ ሲደርቅ አንድ ላይ ይኮማተራል። ይህኛው ግን ጎታው ጠንከር ካለ በኋላ ተፈልፍሎ በእርጥብ ጭቃ የተደፈነ ነው፤ ሲደርቅ ለብቻው ተኮማተረ። የጠበቅሁት ይህንን ነው። ገዳዩ መጁን ይዞ እንዳይወጣ ሰው ከገበያ መመለሻው ደርሷል። እዚህ ቢደብቀውና አንድ ቀን ቢገኝ ደግሞ የሚጠራው የቦሼ ስም ነው። በላዩ ቆረቆንዳውን አንከባለለበት። እሷ ጭቃው ጠንከር እስኪል ትጠብቅ ነበር፤ እሱ አልጠበቀም፤ ስለዚህ ጥለቱ ሰጠመ።»

«እሷም ልትቸኩል ትችላለች» አለ ማሞ።

«ትችላለች» አሉ። «ስለዚህ ቸኮለ የሚለውን እንተወው። ይህንን እዩ።» የወደቀውን ጭቃ አነሡና ከሳንቃው አጠገብ ያዙት። በሳንቃው ላይ የሦስቱ ሰዎች ጣትና መዳፍ በግልጽ ይታያል። የማሞ እፍኝ ግን ጣት የለበትም፤ ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ወርደውበታል። በጎታው ጭቃ ላይም፣ በቆረቆንዳው ጥርሶች መሃል፣ እነዚያው መስመሮች አሉ። «የእንሰት ቅጠል ጅማት ነው። ቦሼ የገዛ ጭቃዋን በቅጠል ትነካለች? ሳህሊቱና ኤርሳዶም በባዶ እጃቸው ነክተውታል።»

ማሞ ላብ አጠመቀው። «የቻናሻ እጅ የነካውን በባዶ እጁ የሚነካ ማን አለ? እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እንደኔ ነው የሚያደርገው።»

የተቃወመ የለም። እውነቱን ነበር።

«አዎን» አሉ ግራዝማች። «ግን እዚህ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ቀን በዚህ ግቢ አልነበረም። ወንድሜ ክርስትናውን እምቢ አላት ብሎ የነገረኝም ሌላ ሰው የለም። ወንድምህ እሺ ብሎ ነበር፤ ማተቡ ተገምዷል። እምቢ እንዲል የፈለግኸው አንተ ነህ። ለምነኸው ይሆናል፤ አልሰማህም።»

ማሞ የወደቀውን መጅ አየ። ሲያለቅስ የሰነበተው ሰው አሁን ዓይኑ ደርቋል።

«አበልጅ ልታደርገን ነበር» አለ። «ከመደባችን ቁጭ ብላ ልትበላ ነበር። ተው አልኩት፤ ሳቀ።»

እጁን ሲያስሩት አቀበላቸው። ሽማግሌዎቹ ቦሼን ይቅርታ አልጠየቋትም፤ ነጻ ናት ተባለ፣ በቃ። ሰው ነጠላውን እያራገፈ መውጣት ጀመረ።

ቦሼ ግን አልሄደችም። ግራዝማች ወደ በቅሏቸው ሲያመሩ ከፊታቸው ቆመች።

«ጌታዬ፣ ነገ አርባ ነው። ልጄን ማን ያነሣዋል?»

ግራዝማች ቆሙ። ልጁን አዩት፤ የያዙትንም እጆች አዩ፤ ደረቅ ጭቃ አለባቸው። ሶዶ እንደሚጠበቁ፣ እስረኛውንም ሳይመሽ ማድረስ እንዳለባቸው ተናገሩ። ይህም ውሸት አልነበረም። ልጓሙን ጨበጡ። ቦሼ ከመንገዱ ዞር አለችላቸው።

ይህን ጊዜ ሳህሊቱ መጣች። ልጁን ከቦሼ ክንድ ወሰደችው፤ በነጠላዋ ጠቀለለችውና ሄዳ ከግቢው መውጫ በር መሃል መሬት ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ያው ነው፤ እንባ የለም፣ ቁጣም የለም።

«ወንድ ልጅ ነው፤ እኔ አላነሣውም» አለች። «የሚያነሣው ወንድ እስኪገኝ በላዬ ተራምዳችሁ ውጡ።»

በሐዘንተኛ ሴት ላይ የሚራመድ የለም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ከብቱን አሰበ። በቅሎዋም ከነጌታዋ ቆማለች። ፀሐይ ከዳሞት ጫፍ ላይ ስታዘነብል ሕዝቡ እዚያው እንደ ቆመ ነበር፤ ማንም ማንንም አያይም። ከመሃል ኤርሳዶ ወጣ። ሚስቱ ልብሱን ይዛው ነበር፤ ቀስ ብሎ አስለቀቃት። ሳህሊቱ ፊት ተንበረከከና ባዶ እጆቹን ዘረጋ።

«ስጡኝ፣ እሜቴ።»

ሰጠችው። እጇ ባዶውን ሲቀር እንደዚያው ዘርግታው ቆየች፤ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።