የአምስት ሰዓቱ ብልቃጥ

ተመራማሪው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በቤተ ሙከራቸው ወለል ላይ በጀርባቸው ተዘርግተው ተገኙ። የጭንቅላታቸው ጀርባ በድንጋዩ ጠረጴዛ ጠርዝ ተሰንጥቋል። ዓይኖቻቸው አልተከደኑም። ከራስጌያቸው ባለው መደርደሪያ ላይ፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የተደረደሩት ሠላሳ ያህል የበሬ ዓይኖችም አልተከደኑም። መርማሪው በሩ ላይ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ያወለቀው ለየትኞቹ እንደሆነ ግን ራሱም አላወቀውም።

መርማሪው በመናፍስት አያምንም። ሆኖም ከሰባት ዓመት በፊት አንድ መስኮት ጠራጊ ላይ ቸኩሎ መዝገብ ዘግቶበት ነበር። የሰውየው ንጽሕና የታወቀው እስር ቤት ውስጥ ከሞተ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሬሳ ባለበት ክፍል ሁሉ መስኮት ጠራጊው ጨርቁን ይዞ ጥግ ላይ ይቆማል። ዛሬም መጥቷል። አይናገርም፤ ያያል ብቻ።

ግቢው ውስጥ በቆመው የፖሊስ መኪና ደግሞ አንድ ሰው በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። በየማለዳው ከቄራ ትኩስ የበሬ ዓይን የሚያመጣው ሰውዬ ነው፤ አገር ምድሩ «ጋሽ ዓይኔ» ይለዋል። ሬሳውን ያገኘው እሱ ሲሆን እጁም ልብሱም በደም ተነክሯል።

«ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለ አለቃው በስልክ። «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መዝገቡን ዝጋና ሰውየውን ወደ ማረሚያ ቤት ላከው።»

መርማሪው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወደ መኪናው ሄደ።

«ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ጭቅጭቅም ጠብ ሆነ እንዴ ጌታዬ? ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኖቹን አስረከብኩ። ‹ዘገየህ፣ ዓይኑ ሊሞትብኝ ነው› አሉኝ። ‹ጋሼ፣ በሬው ራሱ ሞቶ የለም ወይ?› ብላቸው ሳቁ።»

«ከዚያስ?»

«ቄራ ተመለስኩ። ከሁለት ተኩል እስከ አምስት ሰዓት በሬ ስገፍፍ ነበር፤ ሃያ ሰው አይቶኛል። በኋላ ባልዲዬን ልወስድ ብመጣ ወድቀዋል። ቀና ላደርጋቸው ብዬ ነው ደሙ የነካኝ። ልጆች አሉኝ ጌታዬ፤ ማን ያሳድግልኛል?»

የአስከሬን ሐኪሙ ብዙም አልረዳም። ክፍሉን ቀኑን ሙሉ የሚያሞቅ የውሃ ገንዳ ስላለ ሬሳው ገና አልቀዘቀዘም። «ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በላይ አልምልም» አለ። «ደግሞ ወዲያው አልሞቱም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተዋል።»

ረዳቷ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ወላጆቿን በልጅነቷ ስላጣች ተመራማሪው ከነባለቤታቸው እንደ ልጃቸው አድርገው አስተምረዋታል።

«ምን ነበር የምትሠሩት ልጄ?»

«ቫይታሚን ሲ ዓይን ውስጥ እንዴት እንደሚገባ እናጠናለን» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «በዓይን ፊት ያለው ፈሳሽ ከደም ሃያ እጥፍ ያህል ቫይታሚን ሲ አለው፤ ከብርሃን ጉዳት ይጠብቀዋል። ግን ዝም ብሎ አይሰርግም። ከብሌኑ ጀርባ ቀለበት የመሰለች ሥጋ አለች። እሷ ላይ ጥቃቅን በሮች አሉ። ሶዲየም ሲገባ ቫይታሚኑን አብሮ ይዞት ይገባል።»

«ያለ ዘመድ የማይገባበት መሥሪያ ቤት በይኛ!»

ሳታስበው ፈገግ አለች።

«ብዙ ቢሰጠውስ?»

«ብዙ በሰጡት ቁጥር እየፈጠነ ይገባል። የመመረቂያ ጽሑፌ እሱ ነው፤ በሚቀጥለው ወር አቀርባለሁ።»

«ዛሬ እሳቸው የት ደርሰው ነበር?»

የበረዶ ሣጥኑን ከፍታ አሳየችው። በአልሙኒየም ወረቀት የተጠቀለሉ ሦስት ብልቃጦች አሉ። በሟቹ እጅ «ሦስት ሰዓት»፣ «አራት ሰዓት»፣ «አምስት ሰዓት» ተብሎ ተጽፎባቸዋል።

«ሥጋዋን በሁለት ውሃ መካከል ይወጥሯታል። ቫይታሚኑ በአንዱ ወገን ብቻ ነው ያለው። ወደ ማዶ ያሻገረችውን ለማወቅ በየሰዓቱ ከማዶው ጥቂት ይቀዳሉ። የአምስት ሰዓቱንም ቀድተውታል፤ እስከዚያ በሕይወት ነበሩ ማለት ነው። እኔ ከሦስት ተኩል ጀምሮ አርባ ተማሪ ፊት ነበርኩ።»

«በብልቃጡ ላይ የሚጽፉት መቼ ነው?»

«ማለዳ፣ የሁሉንም ባንዴ» አለችና የበረዶ ሣጥኑን ቶሎ ዘጋች።

የሟቹ ታናሽ ወንድም የዓይን ሐኪም ነው። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ቀዶ ሕክምና ላይ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ብቻውን ቢሮው እንደተቀመጠ ተናገረ። «የሚመሰክርልኝ የለም» አለ ሳይጠየቅ። «ትናንት ደውሎልኝ ነበር። ‹ምንም ያህል ብትሰጠው በሮቹ ይሞላሉ፤ ፍጥነቱ ከዚያ አያልፍም› አለኝ። የሥራ ወሬ ነው። ድምፁ ግን የሐዘንተኛ ነበር።»

የሟቹ ባለቤት ሬሳው አጠገብ ተቀምጠው የባላቸውን እጅ ይዘዋል። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጋርዶባቸዋል። «ይህን ሥራ የጀመረው በእኔ ዓይን ምክንያት ነው» አሉ። «ጌታው፣ ዓይኑን ክደኑልኝ። ክፍሉ ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኛል።» መርማሪው ከደነላቸው።

ብልቃጦቹን ከነማስታወሻ ደብተሩ ሌላ ቤተ ሙከራ ላካቸው። አለቃው ሁለቴ ደውሎ «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይዘሃል!» ብሎ ጮኸበት። መርማሪው መስኮቱ አጠገብ ወደቆመው መስኮት ጠራጊ ተመለከተ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰባቸው። ጋሽ ዓይኔ ከነካቴናው ገባ። ባለቤታቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ረዳቷ ከጎናቸው ቆማ ትከሻቸውን ደገፈች።

«ሟቹ እስከ አምስት ሰዓት ኖረዋል ያለን ሰው የለም» አለ መርማሪው። «እንዲህ ያለን አንድ ብልቃጥ ነው። እኔም ብልቃጡን መርምሬዋለሁ። በደብተሩ የሃያ ቀን ሥራ አለ። በሃያውም ቀን የአራት ሰዓቱ የቫይታሚን ቁጥር ከሦስት ሰዓቱ ይበልጣል፤ የአምስት ሰዓቱ ደግሞ ከአራቱ። ሥጋዋ በየሰዓቱ ስታሻግር ማዶው እየጨመረ ይሄዳል። የዛሬዎቹ ሦስት ብልቃጦች ግን አንድ ናቸው። የዘወትሩ የሦስት ሰዓት ቁጥር በሦስቱም ላይ አለ።»

«በሩ ሞልቶ ይሆናላ!» አለች ረዳቷ።

«በሩ ይሞላል እንዴ? ጽሑፍሽ አይሞላም ይላል።»

ከንፈሯን ነከሰች።

«ቢሞላም ፍጥነቱ አይጨምርም እንጂ መግባቱ አይቆምም» አለ የሟቹ ወንድም በዝግታ። ቃሉ ወዴት እንደሚያደርስ ሲገባው ፊቱ አመድ ለበሰ።

«እንግዲህ ሦስቱም ባንድ ጊዜ ተሞልተዋል፤ በሦስት ሰዓት። የሞላቸውም ሟቹ አምስት ሰዓት ላይ በሕይወት ነበሩ እንዲባል የፈለገ ሰው ነው። በሦስት ሰዓት ጋሽ ዓይኔ ቄራ ነበር። ዶክተሩ ቀዶ ሕክምና ላይ ነበሩ። እትዬ ማየት አይችሉም። አምስት ሰዓት ላይ ምስክር ያላት፣ ሦስት ሰዓት ላይ የሌላት አንድ ሰው ብቻ ናት።»

ካቴናውን ከጋሽ ዓይኔ እጅ ፈታ። ሰውዬው እጆቹን አገላብጦ አያቸውና እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ።

«አንድ ነገር ግን አልገባኝም» አለ መርማሪው ወደ ረዳቷ ዞሮ። «ቫይታሚን ሲ እንደተቀዳ አሲድ ካልተጨመረበት በሰዓታት ውስጥ ይበላሻል አሉኝ። እንደዚያ ቢሆን የማነበው ቁጥር አይኖርም፤ ጋሽ ዓይኔም በእጄ ይጠፋ ነበር። በሦስቱም ላይ አሲድ አለ። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል?»

ረዳቷ እጇን ከባለቤታቸው ትከሻ ላይ አነሳች።

«የመመረቂያ ጽሑፌን ቁጥሮች የለዋወጥኳቸው እኔ ነኝ» አለች። «ደርሰውበት ‹ራስሽ ተናገሪ፣ አለዚያ እኔ እናገራለሁ› አሉኝ። ደብተሩን ልነጥቃቸው ስል ገፋኋቸው። መግፋት ብቻ ነው። እምላለሁ!»

«ሲወድቅ ሞተ?» አሉ ባለቤታቸው።

ረዳቷ አንገቷን ደፋች።

«ልጄ፣ እኔ አላይም። ዝም አትበይኝ።»

«አልሞቱም ነበር እትዬ። ሰው መጥራት እችል ነበር። ብልቃጦቹን ስሞላ ያዩኝ ነበር። መውደቃቸውን እንደ ድንገተኛ ቆጥረውት፣ ሥራቸውን የማድንላቸው መሰላቸው።»

«ምን አለሽ?»

ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

«‹ጎበዝ ልጄ፣ አሲዱን እንዳትረሺ› አሉኝ።»